ከአሮጊቷ ሥዕል ጎን ያነሳሁት ፎቶ

ሚስቴ አስቴር «አንተ ጋ የገባ ወሬ ወንፊት ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የጎረቤት እርግዝና በሉት፣ የባልደረባ ዕድገት በሉት፣ ለልደት ተደብቆ የተገዛ ስጦታ በሉት፣ እኔ ጋ ውሎ አያድርም። ሃምሳ አምስት ዓመት እንዲህ ኖሬ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ሚስጥር ጠበቅኩ። ምነው ያን ቀን አፌ እንደ ልማዱ ባመለጠኝ! ዛሬ የማጫውታችሁ እሱን ነው፤ ጨዋታ ከተባለ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራ ስምንት ሰመር፣ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ነው። ያኔ በአንድ ሙዚየም ጥበቃ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አገር ቤት አዳማ ላይ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። እዚህ መጥቼ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ታክሲ ነዳሁ፣ በመጨረሻ ጥቁር ኮት ለብሼ፣ ሬድዮ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ «እባክዎ ሥዕሉን አይንኩ» ማለት እንጀራዬ ሆነ። ሥራውን እወደዋለሁ። እግር ይጨርሳል እንጂ ራስ አያዞርም። ቤታችን ኒው ሆፕ ነው፤ ከአስቴርና አስራ አምስት ዓመት ከሞላት ልጃችን ከሄርሜላ ጋር።

ዘይነባን እዚያ ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የደሴ ልጅ ናት፤ ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ብቻዋን ትኖር ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ትሠራለች፤ የቀረውን ጊዜ ነርሲንግ ተምራ ጨርሳ ለፈቃድ ፈተናው ታጠናለች። ፈተናውን አንድ ጊዜ ወድቃለች። ሰነፍ ሆና እንዳይመስላችሁ። በዋዜማው ወንድሟ ሰይድ ከደሴ ደውሎ «እማን አሟታል» አላት፤ ስታለቅስ አድራ ተፈተነች። እናትየው በሳምንቱ ተሻላቸው፣ ልጅቷ ግን ወደቀች። ሰይድም «እህቴን የጣልኳት እኔ ነኝ» እያለ ሲቆጭ ከረመ። ይህን ያዙልኝ።

ሌላም መያዝ ያለባችሁ ነገር አለ። ዘይነባ ከአገር ስትወጣ እናቷ እትዬ ሐዋ አልፈለጉም ነበር። የሄደች ቀን ጓዳ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉባት። ብታንኳኳ፣ ብትለምን አልከፈቱም። ሳትሳም ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውልላቸዋለች፤ ስለ በግ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ።

«ስለዚያ ቀን ግን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ» አለችኝ አንድ ጊዜ። «በስልክ አይሆንም ጋሼ። ፈተናውን ልለፍና እሄዳለሁ፤ ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ ነው የማነሳው።»

እትዬ ሐዋ ፎቶ አይነሱም ነበር። ቪዲዮ ላይማ ጭራሽ። «አላህ አንዴ የሠራውን ወረቀት ላይ ምን ያስደግመዋል?» ይሉ ነበር አሉ። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ እሱም ላይ ፈርተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ስለዚህ ዘይነባ እዚህ ስትኖር የእናቷ መልክ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት ጸደይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የእንግሊዝ አገር የቆዩ የኅትመት ሥዕሎች ተሰቀሉ። እኛ ጥበቃዎች በየሰዓቱ ቦታ እንቀያየራለን። የመጀመሪያው ቀን ዘይነባ እዚያ ስትደርስ ድንገት በሬድዮ፣ ያውም በአማርኛ፣ «ጋሼ! ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ!» አለች። ሬድዮው ሕንፃው ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሁሉ የሚሰማው ነው። ሰው ሥዕል ቀደደ ብዬ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። ደርሼ ባይ አፏን በእጇ ይዛ አንድ ሥዕል ፊት ቆማለች።

«እማ ናት» አለችኝ።

የአንዲት አሮጊት ፊት ነው። ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ ማሰሪያው አገጫቸው ሥር ታስሯል፣ ከሩቅ ሲያዩት ሻሽ ይመስላል። የግራ ዓይናቸው ቆብ ወረድ ብሏል። የታችኛው ከንፈራቸው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አሁን ሊቆጡ አስበው የተዉት ዓይነት ፊት ነው። ሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ «የአሮጊት ምስል፤ የተሣለችው ሴት ስም አይታወቅም» ይላል።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ እኮ ፈረንጅ ናት» አልኳት።

«ፈረንጅነቷን ይተዉትና ፊቷን ይዩት። ወላሂ እማ ናት! እንዲህ ነው የምታየኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስትገባ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ትሄዳለች። «እንዴት አደርሽ እማ» ትላለች፣ ግራ ቀኙን አይታ። እኔም አልምራትም፤ «ዛሬስ ምን አለችሽ?» እላታለሁ። «ከሳሽ አለችኝ» ትላለች፣ ወይም «ሶላትሽን ሰገድሽ ወይ አለችኝ።» ከዚያ ራሷ ትደነግጥና «አስተግፊሩላህ፣ ጋሼ፣ ሥዕል እያናገርኩ ነው» ብላ ትስቃለች።

የኅትመት ሥዕሎቹ ኃላፊ ሊንዳ የምትባል፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። ዘይነባ ጥያቄ ስታበዛባት ደስ ብሏት አስረዳችን። እንዲህ ያለው ሥዕል መጀመሪያ የሚሣለው ለስላሳ ድንጋይ ላይ ነው፤ ቅባት ባለው እርሳስ። ከዚያ ቀለም ይቀባና ወረቀት ይታተምበታል። የሚፈለገው ያህል ከታተመ በኋላ ድንጋዩ ይፋቃል፣ በላዩ የሌላ ሰው ፊት ይሣላል።

«ስለዚህ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው?» አለች ዘይነባ።

«ወረቀቱ ብቻ። እሱም ብርሃን አይችልም። ጥቂት ወር ከተሰቀለ በኋላ ወርዶ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ጨለማ ውስጥ ለዓመታት ያርፋል።»

የሚወርድበት ቀን ሰመሩ አጋማሽ ላይ አንድ ዓርብ ሆነ። በማግስቱ ቅዳሜ ደግሞ ዘይነባ ለሁለተኛ ጊዜ ትፈተናለች። እንግዲህ ታሪኬ የሚጀምረው ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጮኸ። ሰይድ ነው። ዕቃ በሰው እጅ ስንልክ ስለምንገናኝ ቁጥሬ አለው፤ እንደ ታላቅ ወንድሙ ነው የሚያየኝ።

«ጋሽ ተሾመ፣ እማ አልጋ ይዛለች» አለኝ። «ሐኪሞቹ ወደ ቤታችሁ ውሰዷት አሉን።»

ወደ ቤታችሁ ውሰዷት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ተቀመጥኩ።

«ለዘይነባ ትንፍሽ እንዳይሉብኝ። ቅዳሜ ትፈተናለች። እንደ ባለፈው እንዳላደርጋት! እሑድ እነግራታለሁ።»

«አይዞህ። እናቴ ትሙት አልናገርም» አልኩት። በእናት ጉዳይ በእናቴ ማልኩ፤ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ለምን እሺ እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ለማመካኘት አይደለም። አባቴ የሞተ ጊዜ አንድ ዘመዴ ደውሎ ደህና አደርክ እንኳ ሳይል «ነፍስ ይማር» አለኝ። እኔ ሃይዌይ ላይ ድራይቭ እያደረግሁ ነበር። መኪናዬ ከመንገድ ወጥቶ ከብረቱ አጥር ጋር ተላተመ፤ የተረፍኩት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ሰው ክፉ ወሬ እንደዚያ እንዲደርሰው አልፈልግም። መርዶ ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝህ ክንድ አጠገብህ ሳለ ነው የሚነገረው። ያሳደገን ወግ ነው፤ ጥሩ ወግ ነው እላለሁ፤ ዛሬም።

ሥራ ገባሁ። ዘይነባ በሩ ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። ዓይኗ ከጥናት ብዛት ቀልቷል፣ ፊቷ ግን በርቷል።

«ጋሼ፣ ዛሬ የመጨረሻዋ ቀን ናት። ከእማ ጋር ፎቶ ያነሱኛል። የእኔ ስልክ ካሜራው ተሰብሯል፣ በእርስዎ ነው።»

«እሺ» አልኩ። ያን ቀን ጠዋት ያ ወሬኛ ሰውዬ ከእሺ ሌላ ቃል አጣ። «ምነው ዝም አሉ? ከእትዬ አስቴር ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» ብላ አሾፈችብኝ።

በሥራ ሰዓት ስልክ መያዝ ክልክል ስለሆነ ሎከር ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። በምሳ ብሬክ ከፍቼ ሳይ ከሰይድ የድምፅ መልእክት ገብቷል። ሥሩ ጽሑፍ አለ፤ «ጋሼ፣ ጨነቀኝ። ይስሙትና ይምከሩኝ። ላገናኛቸው ወይስ ቅዳሜ ይለፍ? እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ።»

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። የደከመ፣ አየር የሚያጥረው የሴት ድምፅ ነው።

«ዘይነባን አገናኙኝ… ኧረ ልጄን አገናኙኝ። ዘይንዬ፣ አፉ በይኝ። ያን ቀን ሳልስምሽ ቀረሁ። በሩን ስታንኳኪ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ዝም ያልኩሽ። አፉ በይኝ የኔ አበባ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ያዞሩ መሰለኝ፤ «ሰይድ፣ ሰማች? ምን አለች?»

እዚያ ላይ ያልቃል። የመለሰላቸው ሰው የለም።

ወሎዬ «አፉ በይኝ» ሲል ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። ይህን ለማወቅ ወሎ መወለድ አያስፈልግም፤ ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ይገባው ነበር። ሰባት ዓመት በሁለቱ መካከል የተዘጋው በር እኔ ጆሮ ላይ ተከፈተ። ልጅቷ ደግሞ ከደረጃው በላይ ናት፤ አርባ እርምጃ አይሆንም። ስልኩን ይዤ ብሄድ ኖሮ፣ «ዘይንዬ፣ እንኪ» ብዬ እጇ ላይ ባስቀምጠው ኖሮ! ደሴ ገና ማታ ነበር። እናትየው ነቅተው እየጠሯት ነበር።

ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? ፈተናውን አሰብኩ። መውደቋን አሰብኩ። የራሴን መኪናና የብረቱን አጥር አሰብኩ። ሁለት ቀን ምን አላት፣ እናት ጠንካራ ናት፣ ትጠብቃለች አልኩ። የሰው ነፍስ እንደ ቢሮ ቀጠሮ የሚሸጋገር መሰለኝ።

ለሰይድ ሳልመልስለት ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ዘይነባ ከሥዕሉ ጎን ቆማ ሻርፏን እያስተካከለች ነበር። ጥቁር ኮቷን አውልቃለች፤ «በጥበቃ ልብስ እማ ፊት አልቆምም» አለችኝ። ፈገግ አለች። አነሳኋት። «አንድ ሌላ፣ አንድ ሌላ» አለች። በሦስተኛው «እማ፣ እህትሽ እንግሊዝ አገር ተገኘች!» ብላ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። እሱ ነው ስልኬ ውስጥ ያለው።

«ያሳዩኝ» ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ፎቶዎቹን በጣቷ እየገፋች «ይቺ አፌን አበላሸችው፣ ይቺ ደህና ናት» ትላለች። በዚህ መሃል ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ከላይ «ሰይድ ደሴ» የሚል ሲወጣ እኔም አየሁት። አላውቅም እንዴት እንደሆነ፣ ስልኩን ከእጇ ነጠቅኩት። ጥፍሬ እጇን ቧጨራት።

«በአላህ! ምን ሆኑ ጋሼ?»

«የ… የአስቴር ሚስጥር ነው» አልኩ።

መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። «እርስዎ ሚስጥር? ዛሬ ዝናብ ይዘንባል!» አለች። የተቧጨረውን እጇን እያሸች «ፎቶውን ለሰይድ ይላኩለት። ለእማ ያሳያት፤ መቼም የእኔን አታይም አይባል። ፎቶ ጠላች እንጂ እኔን አልጠላች» አለችኝ።

«እልካለሁ» አልኩ።

ኮሪደር ገብቼ መልእክቱን አነበብኩ። «እማ አሁንም እየጠራቻት ነው። ምን ላድርግ?» ይላል። «ቅዳሜ ይለፍ» ብዬ መለስኩ። ሁለት ቃል። ፎቶውን አልላክሁትም። እናት ሞት አፋፍ ላይ ሳለች የምትስቅ ልጅ ፎቶ መላክ ነውር መሰለኝ።

ማታ እራት ላይ ሳህኔን ወደ ጎን ገፋሁት። አስቴር አየችኝና «ተናገር» አለች። ለእሷ ነገርኳት። ድምፁን ሳሰማት ሹካዋን አስቀመጠች።

«ተሾመ፣ አብደሃል?» አለችኝ። «የሚደበቀው መርዶ ነው፤ ሰው ሲሞት። በሕይወት ያለ ሰው ድምፅ ይደበቃል? የማን ወግ ነው እሱ?»

ሄርሜላ እዚህ የተወለደች ናት፤ አማርኛው ይገባታል፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከሳህኗ ቀና ብላ «ፈተናው ይደገማል አይደል አባዬ?» አለችኝ። «ታዲያ ለምን አትነግራትም?» ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ነው። «ነገ ከጁምዓ በኋላ እናገራለሁ፣ በቃ» አልኩ። ደስም አለኝ፤ ቀለለኝ። ነገ ልናገር ወስኜ እንቅልፌን ተኛሁ። መተኛቴን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

ዓርብ ጠዋት ከሰይድ አንድ መስመር ገብታ ጠበቀችኝ። «እማ ሱብሒ ሶላት ላይ ወደ አኼራ ሄደች። ቀብረን መመለሳችን ነው።»

አስቴር ስልኩን ከእጄ ወስዳ አነበበችው። ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ከዚያ በኋላማ በእርግጥ መርዶ ሆነ፤ አሁን መደበቁ ወግ ነው። ወጉ ሲደርስልኝ እኔ ቀድሜው ነበር።

በዚያው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ዘይነባ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እማ ጋ ስልኩ አልገባ አለኝ። የሰይድም ዝግ ነው።»

«ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ፣ ወሎ በሙሉ።»

«እህ! ዛሬ ዱዓ እንድታደርግልኝ ፈልጌ ነበር። ፎቶውንስ አየች?»

«ኔትወርኩ ሲመጣ ታያለች» አልኳት። እንዲህ አልኳት። ከመቃብር የተመለሱበት አፈር ጫማቸው ላይ ሳይደርቅ እንዲህ አልኳት።

ቅዳሜ ተፈተነች። «ኧረ ዘንድሮ አይቼዋለሁ፣ አልፋለሁ መሰለኝ!» ብላ ቴክስት አደረገችልኝ፤ ሥሩ የአበባ ሥዕል አለው። እሑድ በማለዳ አስር ያህል ሆነን ሄድን። ከሰፈሯ መስጊድ አንድ ሼህና ሦስት ሽማግሎች፣ አራት የወሎ ሴቶች፣ አስቴርና እኔ። ሊፍቱ ውስጥ ተጨናንቀን ቆምን፤ ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ማንም ማንንም አያይም። በሩን ሼሁ አንኳኩ።

ከፈተች። በሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች። እኛን አየች፤ አንድ በአንድ። የአገራችን ሰው በማለዳ እንደዚያ ተሰብስቦ ከመጣ ማንም ምንም መናገር የለበትም። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሲሸሽ አየሁት።

«እማ ናት?» አለች። «እማ ናት አይደል?»

ሼሁ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ ወደ ፊት ተደፋች። ሴቶቹ ያዟት። ለዚያ ነበር የተሰበሰብነው፤ ያዝናት። ወጉ የሚችለውን ያህል ሠራ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ሰው ሞልቶት ሳለ ዘይነባ ከሰይድ ጋር በስልክ ስታወራ ከወዲያኛው ጥግ እሰማታለሁ። «መቼ ታመመች? ምን አለች? ምንም አልተናገረችም?» ትላለች። ያን ጊዜ ሰይድ ነገራት መሰለኝ፤ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ቀና ብላ አየችኝ። በተቀመጠው ሰው መሃል አልፋ መጣች።

«ስልክዎን ይስጡኝ።»

ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን አዳመጠችው። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ትከሻዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። «ምን አለች?» የሚለው መጨረሻ ላይ ከስልኩ ሲወጣ እኔ ከተቀመጥኩበት ይሰማኛል። ከዚያ ሥሩ የጻፍኩትን አነበበች። ሁለቱን ቃል። ቀጥላ ፎቶዎቹን ከፈተች፤ ሰዓቱን አየች።

ተመለሰች። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«እናቴ ስትለምነኝ አንተ ፎቶ ታነሳኝ ነበር?» አለችኝ።

በአራት ዓመት ትውውቃችን አንተ ብላኝ አታውቅም። አልጮኸችም። ብትጮህ፣ ብትመታኝ እመርጥ ነበር። ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አስቴር ክንዴን ይዛ ከቤቱ አወጣችኝ።

የፈተናው ውጤት በዚያው ሰሞን ወጣ። አልፋለች። እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት የደፈረ ሰው አልነበረም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም፣ ኋላ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት። ሙዚየሙን ለቀቀች። ሆስፒታል ገባች። ብደውል አታነሳም። ሁለት ጊዜ ቤቷ ሄጄ ሁለት ጊዜ ሊፍቱ በር ላይ ተመለስኩ። ሥራ ቦታ ሁለተኛው ፎቅ ስመደብ ሥዕሉ የነበረበት ግድግዳ ላይ የመርከብ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ወደዚያ አላይም።

በረዶ ከጀመረ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው መሰለኝ፣ ሊንዳ በሬድዮ ጠራችኝ። ታች የኅትመት ሥዕሎች ማያ ክፍል አለ፤ ማንም ሰው ቀጠሮ ይዞ ሳጥን ውስጥ ያለ ሥዕል ይውጣልኝ ማለት ይችላል። ሲታይ ግን ጥበቃ በሩ ላይ ይቆማል።

«አንድ እንግዳ ቀጠሮ ይዛለች። ጥበቃው አንተ እንድትሆን ጠይቃለች» አለችኝ።

ስገባ ዘይነባ ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። ከስታለች። የነርስ ልብሷ ላይ ወፍራም የክረምት ካፖርት ደርባለች። ሰላምታ አልሰጠችኝም፤ እኔም በሩ ላይ ቦታዬን ያዝኩ። ሊንዳ ጥቁሩን ሳጥን ከፈተች፣ ስሱን ወረቀት ገለጠች፣ አሮጊቷን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ወደ ጥግ ዘወር አለች።

መስታወት የለም፣ ክፈፍ የለም። ወረቀቱ ብቻ።

ዘይነባ አየቻቸው። ከዚያ ስልኳን አወጣች። ሰይድ ያን መልእክት ልኮላት ኖሯል። ያ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ወጣ። «ዘይነባን አገናኙኝ… ኧረ ልጄን አገናኙኝ…» ጥርሴን ነከስኩ። ድምፁ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ዘይነባ ጎንበስ አለች፤ እንዳትነካው እጇን ወደ ኋላ አጣምራ። ሥራችን ያስተማራት ነው።

«ሰይድ፣ ሰማች? ምን አለች?» አለ ስልኩ።

«ሰምቻለሁ እማ» አለች ዘይነባ። «አፉ ብዬሻለሁ። በሩ ላይ እያለሁ፣ ያኔውኑ ብዬሻለሁ። አንቺም አፉ በይኝ፣ ሳልመልስልሽ ቀረሁ።»

ሊንዳ ቋንቋው አይገባትም። ግን መነጽሯን አውልቃ ትጠርግ ነበር። እኔ ጥበቃ ነኝ፣ እንዳላለቅስ ፊቴን ወደ ኮሪደሩ አዞርኩ፤ አልሆነልኝም።

ሊንዳ ሥዕሉን መልሳ ሸፍና ሳጥኑን ስትዘጋ ዘይነባ ተነስታ ወደ በሩ መጣች። ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ያን ፎቶ ይላኩልኝ» አለችኝ። «የሳቅኩበትን። እናት እንዳለኝ እያወቅኩ የሳቅኩበት የመጨረሻው ነው።»

እዚያው ቆሜ ላክሁላት። በአምስተኛው ወር መሆኑ ነው። ስልኳ ጮኸ፤ አላየችውም። ካፖርቷን መቆለፍ ጀመረች። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«እኔንስ ዘይንዬ? እኔንስ አፉ አትይኝም?»

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈች። ቀና ብላ ስታየኝ የግራ ዓይኗ ቆብ እንደ እናቷ ወረድ እንደሚል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

«እርስዎን ገና ነኝ ጋሼ» አለችኝ። ወጣች።

አንባቢዎቼ፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይነቅዛል፤ እኔ አይቻለሁ። መርዶን በወግ ንገሩ፣ ሰው ሰብስቡ፣ ክንድ አዘጋጁ፤ አልከለክላችሁም። ነገር ግን ከአገር ቤት «እንዳትነግራት» ተብሎ ስልክ ሲደወልላችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ሰውየው ሞቷል ወይስ እየጠራ ነው? እየጠራ ከሆነ ስልኩ የእናንተ አይደለም። ሂዱና ለባለቤቱ ስጡት። ፈተና ይደገማል፤ ይህን የነገረችኝ የአስራ አምስት ዓመት ልጄ ናት።

ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ልሰርዘው ስል ጣቴ እምቢ ይለኛል። በየዓርቡ፣ እሷ ለእናቷ ትደውልበት በነበረው ሰዓት፣ ለዘይነባ እደውላለሁ። እስከ ዛሬ አላነሳችም። ይጠራል፣ ይጠራል፣ እኔም እስኪቋረጥ አዳምጣለሁ።